ዘቦችሽ እንዴት አደሩ?

ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ከሰው ሲገናኝ የሰላምታው መጨረሻ ዘቦቹ ናቸው። «እንዴት አደርሽ? ልጅሽ ደህና ናት? ዘቦችሽስ እንዴት አደሩ?» ይባላል። መልሱም አንድ ነው፤ «ተኝተዋል፣ ምስጋና ይግባው»። ተነሥተው ሲያምሱ ያደሩ ቢሆንም ተኝተዋል ነው የሚባለው። ጠያቂው ቁጥርሽን ከቤቱ ሳይወጣ አይቶ ስለመጣ በመልሱ አይታለልም፣ አይቀየምም። ሰላምታ ሰላምታ ነው።

ዘብ የምንለው ሰውነታችንን የሚጠብቁትን ሕዋሳት ነው። ሐኪሞቹ ለእያንዳንዱ ዓይነት ረጅም ረጅም ስም አላቸው፤ ሕዝቡ ግን ዘብ ብሎ ተገላገለ። የጤነኛ ሰው ዘብ በር ላይ ቆሞ ሌባ ይጠብቃል። እንደኔ የአንጀት ብግነት ያለበት ሰው ዘብ ግን ሌባ ሲያጣ የገዛ ቤቱን ግድግዳ ይደበድባል። ይህንን የምትለካ ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ ፍሬ አለች። በየወቅቱ አንዷን በውኃ እውጣለሁ፤ አንጀቴ ላይ ተለጥፋ ዘቦቹ የሚያደርጉትን ስታይ ትከርማለች። ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ቀና ስል ቁጥሩ መስታወቱ ጥግ ላይ ይጠብቀኛል። ከአርባ በታች ሰላም ነው። ከአርባ በላይ ቢጫ ነው።

ኤልዳና እባላለሁ። የአሮጊት ስም ነው፣ አውቃለሁ። በኔ ዕድሜ ያለች ሴት ወይ ኤልዳና ናት ወይ ሶሊያና። የዛሬዎቹ ወጣቶች ወደ ቅድመ አያቶቻቸው ስም ተመልሰዋል፤ የኔም አንዲት ልጅ አንጓች ትባላለች። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በአያቴ ስም ካልተጠራች ብሎ ሙግት ገጥሞኝ ነው። አሁን ሳስበው ያምርባታል።

ሕመሙ የያዘኝ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ፍሬዋ ሳትመጣ ነው። ያኔ በከተማው ያለውን መጸዳጃ ቤት ሁሉ በቃሌ አውቅ ነበር፤ የትኛው በር አይዘጋም፣ የትኛው ውኃ የለውም። ደም ሲያስቀምጠኝ ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። አሁን አንዳንድ ወጣቶች «ሰፈሩ ሁሉ አንጀትሽን በየጠዋቱ ሲያነበው እንዴት አትቆጪም?» ይሉኛል። እነሱ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ በሩን ከውስጥ ይዘው ብቻቸውን ተቀምጠው አያውቁም። ያንብቡት። የሚያነብልኝ አጥቼ የኖርኩባቸው ዓመታት አሉ።

የሚያነበው ቅሬው ነው። ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። በአያቶቻችን ዘመን የቅሬ ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነበር። አሁን ቀደም ብሎ ይነፋል። የአንድ አባል ቁጥር አርባን ሲያልፍ በአባላቱ ሁሉ ጆሮ አጭር ጡሩምባ ይሰማል፤ ረጅሙ እንደ ጥንቱ ለሞት ነው። አጭሩ ሲሰማ ሰው ሥራውን አስቀምጦ ለጥየቃ ይመጣል። ያልመጣ ይቀጣል። ሕመምተኛው ራሱ መታመሙ ሳይሰማው፣ ምናልባትም ቁርሱን በደስታ እየበላ ሳለ፣ በሩ ላይ «እግዜር ይማርሽ» የሚል ሰልፍ ይቆማል።

ያን ኅዳር ልጄ አንጓች የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳ ነበር። አንዲት እናት አንዲት ልጅ ስትኖራት የምትጠብቀው ቀን ይህ ነው፤ አራስ ቤት ገብቶ ገንፎ ማገንፋት፣ ወገብ ማሸት፣ ሕፃኑን ተቀብሎ አራሷን «አሁን ተኚ» ማለት። ለአንጓች ቅቤ አንጥሬአለሁ፣ አጥሚት አስፈጭቻለሁ፣ እኔ የማልቀምሰውን በርበሬ ደግሞ ለቤቷ ብዬ ግቢዬ ውስጥ አስጥቻለሁ። ቁጥሬ ዓመቱን ሙሉ ሠላሳዎቹ ውስጥ ተኝቶ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ቀና ስል አርባ ሦስት ይላል።

ምንም አላመመኝም። ሆዴን ነካ ነካ አደረግኩት፤ ዝም አለ። ፎጣዬን ሳላስቀምጥ ጡሩምባው በገዛ ጆሮዬ ተነፋ።

በመጀመሪያ የደረሰችው ከመንገድ ማዶ ያለችው ሶሊያና ናት፤ በአንድ እጇ ሾርባ፣ በሌላው ትራስ ይዛ። ትራሱ ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። ከዚያ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ከነሚስቱ፣ ከዚያ የላይ ሰፈር ሰዎች፣ ከዚያ ስማቸውን የማላውቃቸው። ወንበር ሲያልቅ ከቅሬው ቤት አግዳሚ መጣ። እያንዳንዱ «ብዪ እንጂ፣ ቅመሺ እንጂ» ይላል፤ ካልቀመስኩ ቅር ይለዋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ጀምሮ የሞተ ዘመዱን ያነሣል። ሰው ሲወጣ ሌላ ይገባል። ማክሰኞ ጠዋት ቁጥሬ አርባ ስድስት ሆነ። ጡሩምባው ደገመ፤ ትናንት ያልመጡትም መጡ።

ገበያ ወጣሁ። ቲማቲም የምትሸጥልኝ ልጅ ሚዛኗ ላይ ቃሪያ ባስቀምጥ ሚዛኑ አልመዝንም አለ።

«ቢጫ ላለ ሰው አይፈቅድልኝም እትዬ» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «እግዜር ይማርዎት።»

ቃሪያው ለእንግዶቼ ነበር።

ይህንን ሁሉ ችዬው ነበር። ያስደነገጠኝ የረውዳ ነገር ነው። ረውዳ በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ናት፤ ዶሮ ታረባለች። ለጫጩቶቿ ማሞቂያ የሚሆን ትልቅ የፀሐይ ሰሌዳ አጥራችን ጥግ ላይ አቁማለች። ከቀትር በኋላ የሰሌዳው ጥላ አጥሩን ተሻግሮ በርበሬዬ ላይ ይተኛል። በዚህ ጥላ ምክንያት ስንት ኅዳር እንደተጣላን ፈጣሪ ይቁጠረው። «አንሺ» እላለሁ፤ «አላነሣም» ትላለች፤ እሷ አባቴን፣ እኔ እናቷን እናነሣለን፤ ሽማግሌ ይገባል፤ እንታረቃለን፤ ለሚቀጥለው ኅዳር እንደገና እንጀምራለን።

ረውዳ ረቡዕ ዕለት መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ እግሯን በቀስታ እያነሣች። አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ። እጄን ይዛኝ አታውቅም።

«አብሽሪ እህቴ» አለችኝ። «አላህ ያሽርሽ። ስለዚያ ሰሌዳ አታስቢ። አንሥቼዋለሁ።»

«አነሣሽው?»

«ወደ ጓሮ ወሰድኩት። በርበሬሽ በደንብ ይድረቅልሽ።» ከዚያም አለቀሰች።

ያን ጊዜ ነው የምሞት የመሰለኝ። ሐኪም ቢነግረኝ እንኳ እንደዚያ አላምነውም ነበር። ግቢዬ ወጥቼ አየሁት፤ በርበሬው ከዳር እስከ ዳር ፀሐይ በፀሐይ ሆኗል። በማግሥቱ ቁጥሬ ሃምሳ አንድ ሆነ።

ሐኪሜ ዶክተር ይመር ሃምሳ ሲያልፍ ራሱ ይደውላል። ግድግዳዬ ላይ ብቅ አለ፤ ልጅ ነው፣ ጺሙ ገና እየመጣ ነው፣ ግን ጨዋ ነው።

«እትዬ ኤልዳና፣ ሕመም አለዎት?»

«የለኝም። ታዲያ ይህ ቁጥር ከየት ነው የሚመጣው? ዘቦቹ በዙ እንዴ?»

«ብዛታቸው ያው ነው። ፍሬዋ የምትለካው ብዛት አይደለም፤ ሥራቸውን ነው። ተቀምጠው የነበሩት ተነሥተዋል። መሣሪያ እያቀባበሉ ነው ይበሉ። ገና አልተኮሱም።»

«ምን አስቆጣቸው?»

«የሰሙትን አላውቅም እትዬ። እኔ የማየው የሚያደርጉትን ብቻ ነው። የሚመጣው ሐሙስ ከአርባ በታች ካልወረደ ማብረጃ ልንጀምር ነው።»

ማብረጃ ዘቦቹን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያስተኛ መድኃኒት ነው። ጥሩዎቹም መጥፎዎቹም ይተኛሉ። ስለዚህ ያ ሰው እስከ ፋሲካ ድረስ ጉንፋን ካለበት፣ ሕዝብ ከተሰበሰበበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክትባት እየወሰደ ካለ ጨቅላ ሕፃን መራቅ አለበት። ደሴ ላይ ለዚህ የተሠራ ንጹሕ ቤት አለ፤ ዘመድ በመስታወት ያያል።

«ልጄ ልትወልድ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ፋይልዎ ላይ አለ። አዝናለሁ እትዬ።»

እሱ ከጠፋ በኋላ ግድግዳውን እያየሁ ተቀመጥኩ። አንጓች ስታምጥ፣ ስትወልድ፣ ጡት አልይዝልሽ ብሏት ስታለቅስ እኔ ደሴ መስታወት ውስጥ ተቀምጬ እጄን ሳውለበልብ ታየኝ። ገንፎዋን ማን ያገነፋላታል? ባሏ ደግ ልጅ ነው፣ ገንፎ ግን ያጓጉላል። ውጭ በሩ ተንኳኳ። «እግዜር ይማርሽ፣ ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሆዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁርጥ አደረገኝ። በዚያች ቅጽበት ገባኝ፤ የሚያነሣቸው ይህ ነው። ሰው በገባ ቁጥር፣ ባዘነልኝ ቁጥር ዘቦቼ ብድግ ይላሉ።

ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ጋሽ ኢዮስያስ ሄድኩ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ የሰፈሩን ድንኳን፣ ድስት፣ ጠብና ዕርቅ ሁሉ የያዙት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ነገርኳቸው።

«ቅሬ የቆመው ሰው ብቻውን እንዳይቀር ነው» አሉኝ። «አንቺ አትምጡብኝ እያልሽኝ ነው?»

«እስከ ሐሙስ ብቻ ጋሼ። ልጄን ላርሳት ብዬ ነው።»

«ልንጠይቅሽ ካልመጣን ነገ እንዴት አድርገን እንቀብርሻለን?»

«ነገ አልሞትም» አልኳቸው። «ደግሞ ብሞት ያኔ ኑ።»

በዚያው ዕለት አባላቱን ሰበሰቡ። በጉባኤው ላይ የተነሣው ጫጫታ አይነገርም። አንዷ «ምን በድለናት ነው?» ብላ አለቀሰች። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ተነሥቶ ይህ ከተጀመረ ቅሬው መፍረሱ ነው አለ። ሶሊያና «ሾርባዬ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አይደለም ብላት አላመነችኝም። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ቆሜአለሁ። በዚህ ሰፈር ሰው አትጠይቁኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ያልኩት እኔ ሆኜም ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ጋሽ ኢዮስያስ ከዘራቸውን መሬት መቱ። «ሲበዛ ማርም ይመራል» አሉ። «እስከ ሐሙስ ኤልዳናን የጠየቀ ይቀጣል። ቅጣቱም የቅሬውን ድንኳን ማጠብ ነው።» የቅሬው ድንኳን አንድ ሰው ብቻውን ካጠበው ሁለት ቀን ወገቡ አይቃናም። ጥየቃ የቀረ ሰው የሚቀጣበት ቅሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀን ሊቀጣ ወሰነ።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ፀጥ አለ። ሰዎች በደጄ ሲያልፉ እርምጃቸውን ያፈጥናሉ። ልጆች ኳሳቸው ግቢዬ ቢገባ እናቶቻቸው «ተዉት» ይሏቸዋል። ሶሊያና አንድ ጊዜ ሾርባ በአጥር ቀዳዳ አሻግራ ተያዘች፤ ድንኳኑን አጠበች። እኔም ዘቦቼ እንዲተኙልኝ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ጣራ አያለሁ። አርብ ቁጥሬ ሃምሳ ሁለት። ቅዳሜ ሃምሳ ሦስት። እሑድም ሃምሳ ሦስት።

ተስፋ ቆረጥኩ። እንግዶቹ ሲመጡ ያነሣቸዋል፣ ሲቀሩም አያስተኛቸውም። ፀጥታው የወጣትነቴን መጸዳጃ ቤት አስታወሰኝ፤ ያው ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጫለሁ። ለአንጓች ደውዬ ምናልባት ላልመጣ እችላለሁ አልኳት። «እማ፣ ዝም ብለሽ ነይ» አለች፣ ድምፇ ተሰበረ።

ሰኞ ከቀትር በኋላ በርበሬውን ላገላብጥ ወጣሁ። ከምንጣፉ እኩሌታው ላይ ጥላ ተኝቶበታል። ቀና ብዬ አየሁ። የረውዳ ሰሌዳ የድሮ ቦታው ላይ ቆሟል፤ እንዲያውም ወደኔ ትንሽ ጠጋ ብሏል።

ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከጉሮሮዬ ወጣ።

«ረውዳ! ይሄን ሰሌዳሽን ከበርበሬዬ ላይ አንሺልኝ!»

«ግቢዬ ውስጥ ነው ያቆምኩት!» አለች ከወዲያ፤ ደጇ ላይ ሆና የምትጠብቅ ነበር የምትመስለው። «ጥላው በራሱ እግር ከሄደ እኔ ምን ላድርግ? ፀሐይን ክሰሻት!»

«ረቡዕ ዕለት አንሥቼልሻለሁ ብለሽ አላለቀስሽም?»

«ልትሞቺ መስሎኝ ነዋ!»

«አሁንስ?»

«አሁን ማን ይሞታል? በዚህ ጉሮሮ! ወላሂ ጫጩቶቼን አስበረገግሽብኝ!»

«ጫጩቶችሽ ያንቺን ድምፅ ለምደው የኔ ያስበረግጋቸዋል?»

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ስትታመሚ ነበር የምትሻይው! አፍሽ ተዘግቶ ሰፈሩ ዐርፎ ነበር!»

«አንቺን ብሎ አልቃሽ! ነጠላ እንኳ በወጉ ማዘቅዘቅ አታውቂ!»

እንዲህ እያልን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆየን። የእናቷ ስስትና የአባቴ የፍርድ ቤት ሱስ ተነሡ። ያበደርኳት ሙቀጫ ተነሣ፤ እሷ ያበደረችኝ መሰላልም ተነሣ። በመጨረሻ የምትለው ሲጠፋት «በርበሬሽ ደግሞ አፈር አፈር ይላል!» አለችኝ። እኔ በርበሬ መቅመስ ከተውኩ ዘመን ሆኖኛል፤ ይህንን ሳስበው ሳቅ አፈነኝ። አጥሩን ደገፍ ብዬ ሳቅኩ። ከወዲያ በኩልም ስትስቅ ሰማኋት፤ ወዲያው ግን በሩን በኃይል ዘጋችው። ራቤ ተነሣ። ቤት ገብቼ የደረቀ ዳቦ በላሁ፣ ጣፈጠኝ።

ማክሰኞ ጠዋት መስታወቱ አርባ ሰባት አለኝ። ዓይኔን አሸሁ። አርባ ሰባት ነው።

ነገሩ ግን ቅሬው ዘንድ ደርሶ ነበር። ረውዳ ውሳኔ ተላልፋለች ተብላ ተጠራች፤ እኔም ምስክር ሆንኩ። ጋሽ ኢዮስያስ ከዘራቸውን ተደግፈው ጠየቋት።

«ኤልዳናን ጠይቀሻታል?»

«ኧረ አልጠየቅኳትም!»

«ሰላምታ ሰጥተሻታል?»

«ሰላምታ? ሰደብኳት እንጂ!»

«እግዜር ይማርሽ ብለሻታል?»

«ጋሼ፣ አፍሽ ሲዘጋ ነው የሚሻለን ነው ያልኳት። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። «እንዲህ ብላሻለች?»

«ከዚህም የባሰ ብላኛለች» አልኩ። ደስታዬ ከፊቴ ላይ ይነበብ ነበር መሰለኝ፣ ጥቂት ሰዎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያው ጠብ ነው» አሉ ጋሽ ኢዮስያስ። «የከለከልነው ጥየቃ ነው። ጠብን አልከለከልንም።»

ይህ ፍርድ በሰፈሩ እንዴት እንደተተረጎመ ብትሰሙ ትስቃላችሁ። ከሰዓት በኋላ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ደጄ ላይ ቆሞ «አጥርሽ ወደ መንገድ ገፍቷል!» ብሎ ጮኸብኝ። ጥሩ ጀምሮ ነበር። ትንሽ እንደቆየ ግን «ለማንኛውም አይዞሽ» አለና ተበላሸ። ሶሊያናም ልትጣላኝ መጣች፤ «አንቺ... አንቺ...» ብላ ቃል አጣች፣ ሾርባዬን ስላልጠጣሽ ነው ብላ ማልቀስ ጀመረች፣ ለሁለተኛ ጊዜ ድንኳን ልታጥብ ሄደች። እንደ ረውዳ የሚጣላ ሰው የለም። እሷ የምትጣላው ከሰው ጋር ነው፤ ከቁጥሬ ጋር አይደለም። አንድ ጊዜ በአጥሩ በኩል ለኔ ብለሽ ነው እንዴ የመለስሽው ብዬ ጠየቅኳት።

«ለአንቺ ብዬ?» አለች። «ጓሮው ፀሐይ አያገኝም። ጫጩቶቼ በረዳቸው።»

ግማሹን አመንኩ። ግማሹን ዛሬም አላመንኩም፤ እሷም እንድነግራት አትፈልግም።

ረቡዕ ጠዋት ቁጥሬ አርባ አንድ ነበር። ሆዴ ዝም ብሏል። ሻይዬን ይዤ ሁለት ቁጥር ብቻ ይውረድልኝ እያልኩ ስመኝ አማቼ ደወለ። ሕፃኗ ከተባለላት ቀን ቀድማ መጥታለች። ሴት ናት። አንጓች ደህና ናት። «እማ የት አለች?» እያለች ነው።

አርባ አንድ ቢጫ ነው። ማብረጃ ግን ገና አልተጀመረም፤ ከሕፃን የሚከለክለኝ ቢጫው አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው። እንግዲህ ቢያንስ አንድ ቀን አለኝ አልኩ። ቅቤዬን፣ አጥሚቴን፣ ያልደረቀ በርበሬዬን ሳይቀር ጭኜ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። አንጓች አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ሕፃኗን ተቀበልኳት። እፍኝ አትሞላም፤ ፊቷን ጨምድዳለች፣ በሰው ሁሉ የተቆጣች ትመስላለች። ነገ ደሴ ውሰዷት ቢሉኝ ይህንን ፊት በመስታወት ማየት እችል እንደሆነ አሰብኩ። አልችልም። ደረቴ ላይ አድርጌያት ደግሜ ደግሜ አልችልም አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት መስታወት አላየሁም። ፊቴን እንኳ ደጅ ወጥቼ በጆግ ታጠብኩ። ገንፎ አገነፋሁ፣ የአንጓችን ወገብ አሸሁ፣ ሕፃኗን አጠብኳት። ከዚያ ያለኝን ሰዓት ሁሉ እሷን አቅፌ ተቀመጥኩ። ረፋድ ላይ ረውዳ ልትጠይቅ መጣች፤ አራስ መጠየቅ አልተከለከለም። እንቁላል በሰፌድ ይዛለች። ቀጥታ ወደ ማዕድ ቤት ገባች።

ዶክተር ይመር ግድግዳው ላይ ብቅ ያለው ያኔ ነው። አንጓች አልጋዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። እኔ ሕፃኗን ይበልጥ ጠበቅ አደረግኳት።

«እትዬ ኤልዳና፣ አይተውታል?»

«አላየሁም። ንገረኝ።»

«ሠላሳ ስድስት።»

አንጓች ጮኸች። እኔ እንባዬ ሕፃኗ ግንባር ላይ ጠብ ጠብ አለ፤ በመዳፌ ጠረግኩላት። ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም ብል ባሌ ይታዘበኛል፣ ግን እውነት ነው።

«ማብረጃው ቀርቷል» አለ ዶክተሩ። «ዘቦቹ ተቀምጠዋል። ለማስታወሻዬ ልጠይቅዎት፤ ምን ለወጡ? ምግብ?»

«ኧረ አልለወጥኩም።»

«መድኃኒት ጨመሩ? ሥራ ቀነሱ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ከጎረቤቴ ጋር ተጣላሁ።»

ዶክተር ይመር ጺሙን ዳበሰ። የሚጽፈውን ጽፎ ሲያጠፋ፣ እንደገና ሲጽፍ ይታያል።

«አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም» አለ በመጨረሻ። «ምናልባትም የጊዜ ነገር ይሆናል። ግን...» ወደ ጎን ተመለከተ፣ የሚሰማው ሰው እንዳለ ሁሉ። «ታርቃችኋል?»

«ገና።»

«ለጊዜው አትታረቁ» አለኝና ጠፋ።

እሱ ከመጥፋቱ ከማዕድ ቤት የረውዳ ድምፅ ተነሣ። «ይህንን ገንፎ ማን ነው ያገነፋው? ጓጉሏል እኮ! እንዲህ ያለ ነገር ለአራስ ይሰጣል?»

«የጓጎለው ዓይንሽ ነው!» አልኩ ከተቀመጥኩበት። «ድስቱን ልቀቂ! ማሰፍሰፍሽ ምነው? የራስሽን ልጅ ስታርሺ ታገነፊያለሽ!»

«የኔ ልጅ ብትሆን ይህንን አላበላትም! ቅቤውስ የት ሄደ? ሰሰትሽ?»

«ያንቺን እናት መሰልኩሽ?»

አንጓች አልጋዋ ላይ ሆና እጆቿን አርገበገበች። «እማ፣ እባክሽ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ልጅቷ ትነሣለች!»

ሕፃኗን ቀና አድርጌ አየኋት። ፊቷ ተፈቷል።

«ትልመደው» አልኳት።